በቀለም ባልዲ የትል ኮምፖስት እንዴት እንደሚሠራ

የትል ባልዲ ማለት ትሎች የወጥ ቤት ልጣጭን እየበሉ ወደ ተክል ማዳበሪያ (ኮምፖስት) የሚለውጡበት ባልዲ ነው፤ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ወጥ ቤት ጥግ ላይ ሊቀመጥ ይችላል። በልኩ ከተያዘ አይሸትም። ከሸተተ ወይ ውኃው ወይ ምግቡ በዝቷል ማለት ነው።

ከጓሮ ተቆፍሮ የሚወጣው ግራጫ የመሬት ትል ለዚህ አይሆንም፤ አፈር ውስጥ ጠልቆ የሚኖር ስለሆነ ባልዲ አይስማማውም። የሚፈለገው አሮጌ ፍግና የበሰበሰ ቅጠል ውስጥ የሚራባው ቀጭን ቀይ ትል ነው፤ የሳይንስ ስሙ ኤይዜኒያ ፌቲዳ ይባላል። ቨርሚ ኮምፖስት (የትል ኮምፖስት) የሚያመርቱ ሰዎች ዘንድ ይገኛል። ለመነሻ ሩብ ኪሎ ይበቃል። ከነአፈሩ እንዳይመዘንብዎ ይጠንቀቁ።

ሁለት ባዶ ባለ 20 ሊትር የቀለም ባልዲና አንድ ክዳን ያዘጋጁና በደንብ ይጠቡ። የአንደኛውን ባልዲ ታች በጋለ ሚስማር 15 ወይም 20 ቦታ ይብሱ። ከአፉ ዝቅ ብሎ ዙሪያውንና ክዳኑንም እንዲሁ፣ ግን ጠበብ አድርገው። ጭሱ መጥፎ ነው፤ ይህን በረንዳ ላይ ይሥሩት። ያልተበሳው ባልዲ ከታች ሆኖ የሚንጠባጠበውን ይቀበላል። መሃላቸው ስባሪ ጡብ ካልገባ ሁለቱ ባልዲዎች ይጣበቁና አየር ያጣሉ። ክዳን ያለው ሰፊና ዝቅ ያለ የፕላስቲክ ሣጥን ካለዎት ከባልዲ ይሻላል፤ ቀይ ትል ወደ ጥልቅ አይወርድም። ተዘጋጅተው የሚሸጡት ባለ ደርብ ሣጥኖች ዋጋቸው ይለያል እንጂ ሥራቸው ያው ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ትሎቹ የሚኖሩበት ጉዝጓዝ ላይ ነው። ፕላስተሩ የተላጠ ተራ ካርቶንና የእንቁላል ትሪ ሁለት ጣት በሚያህል ስፋት ይቅደዱ። አንጸባራቂውን ካርቶን ይተዉት። ውኃ ውስጥ አርሰው እንደ ልብስ ይጭመቁት። አንድ እፍኝ ጨብጠው ሲያጠብቁት አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ መውጣት አለበት። ትል የሚተነፍሰው በቆዳው ነው፤ ቆዳው ከደረቀ ይሞታል፣ ጉዝጓዙ በጣም ከራሰ ደግሞ አየር ያጣል። ካርቶን ብቻውን ሲሆን ከታች ተጣብቆ እንደ ሊጥ ይሆናል፤ የእንቁላል ትሪው የሚገባው ክፍተት እንዲተው ነው። የተበሳውን ባልዲ እስከ ግማሽ በጉዝጓዙ ይሙሉና አንድ እፍኝ አፈር ይበትኑበት፤ ጥርስ የሌለው ትል ምግቡን የሚፈጨው በአሸዋ ነው።

ትሎቹን ከላይ ያስቀምጡ፣ ራሳቸው ይገባሉ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሌሊቶች መብራት አያጥፉ፤ ብርሃን ስለሚሸሹ ለማምለጥ አይወጡም።

ከሦስት ቀን በኋላ አንድ እፍኝ የድንች ልጣጭ፣ የሙዝ ልጣጭ ወይም የጎመን ግንድ ከትፈው ጉዝጓዙ ሥር ይቅበሩ። ለሩብ ኪሎ ትል የመጀመሪያው ወር ልክ በሳምንት ግማሽ ኪሎ ነው። የቀደመው ሳያልቅ አይጨምሩ። የቡና አተላ ይወዳሉ፤ ግን ከምግቡ ሩቡን አይለፍ። የእንቁላል ቅርፊት ደርቆ በሙቀጫ ከተወቀጠ ኮምጣጣነቱን ያበርድላቸዋል። ወጥ፣ ዘይት፣ ሥጋና በርበሬ በፍጹም፤ ጨው ብቻውን ቆዳቸውን ይጎዳል። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚም ይቅሩ። የተረፈ እንጀራ ያጓጓል፣ ነገር ግን ሲበዛ ይኮመጥጥና ባልዲውን ያሞቀዋል።

ትሎች የባልዲው ግድግዳ ላይ ከወጡ ወይም ሽታ ከመጣ ለአንድ ሳምንት ምግብ ያቁሙ። ደረቅ ካርቶን ጨምረው በእጅ ያፍታቱት። ትንንሽ ዝንቦች ከታዩ ምግቡ አልተቀበረም ማለት ነው፤ ላዩን በደረቅ ወረቀት ይሸፍኑ። ጉንዳን ከመጣ ባልዲውን ውኃ ባለበት ሳፋ መሃል፣ ጡብ ላይ ያስቀምጡት። የሚስማማቸው ሙቀት ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ነው፤ አዲስ አበባ ችግር የለም፣ ድሬዳዋ ግን ቀዝቃዛ ወለልና ጥላ ይፈልጉላቸው።

ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ከታች ጥቁርና ፍርፍር ያለ ነገር ያገኛሉ። ፕላስቲክ ላይ በትንንሽ ክምር ያፍሱና አምፖል ሥር ያኑሩት። ትሎቹ ብርሃኑን ሸሽተው ወደ ታች ስለሚገቡ ላዩን እየገፈፉ ይሰብስቡ፣ አሥር ደቂቃ ይጠብቁ፣ ይድገሙ። እንደ ሎሚ ቅርጽ ያላቸው ሚጢጢ ቢጫ ፍሬዎች እንቁላሎቻቸውን የያዙ ናቸው፤ ወደ አዲሱ ጉዝጓዝ ይመልሷቸው። ለማሰሮ ተክል አንድ እጅ ኮምፖስት ከአራት እጅ አፈር ጋር ይቀላቀላል። ከታችኛው ባልዲ የሚወጣውን ፈሳሽ በአሥር እጥፍ ውኃ አቅጥነው አበባ ላይ ያፍሱት፤ በጥሬው የሚበላ ሰላጣ ላይ ግን አይደለም።