ትምባሆ ላይ ደጋግመን የምንሳሳታቸው ነገሮች

ስለ ትምባሆ ስናወራ አብዛኛውን ጊዜ የምንከራከረው ስለ ዕቃው ነው፣ ሲጋራ ይሻላል ሺሻ ይሻላል፣ ጋያ ነው ሱረት ነው እያልን። ቅጠሉ ግን ያው ቅጠል ነው። ኒኮቲኑን ፋብሪካ አይደለም የጨመረበት፣ ተክሉ ራሱ ስሩ ላይ ሰርቶ ወደ ቅጠሉ ይልከዋል።

«እኔ ላይት ነው የማጨሰው»፣ ማለትም ቀለል ያለ የሚባለውን ሲጋራ፣ የሚለው መጀመሪያ ይምጣ። እስቲ የላይት ሲጋራ ፊልተር ብርሃን ላይ አድርጋችሁ እዩት፣ ዙሪያውን በመርፌ የተወጋ የሚመስል ደቃቅ ቀዳዳ አለው። ማሽን ሲለካው በዛ ቀዳዳ አየር እየገባ ጭሱን ስለሚያቀጥነው የሚለካው የኒኮቲን ቁጥር ዝቅ ይላል፣ ሰው ሲያጨሰው ግን በጣቱና በከንፈሩ ይደፍነዋል፣ ባይደፍነው እንኳ ኒኮቲኑ ሲያንሰው ሳይታወቀው ጠለቅ አድርጎ ይስባል።

ሁለተኛው «ውሃው ያጣራዋል» ነው፣ ይሄ እኛ ቤትም ነበር። አያቴ ጋያ ታጨስ ነበር፣ የቅል ጋያ፣ ማታ ማታ ውሃው ሲንቦቀቦቅ እየሰማሁ ነው ያደግኩት፣ ጠዋት ውሃው ሲደፋ ቡናማ ሆኖ ይሸታል፣ እሷም «አያችሁ ልጆቼ፣ መርዙ እዚህ ቀረ» ትለን ነበር እኛም አመንን። ውሃ የተወሰነ ነገር ያስቀራል እውነት ነው፣ ካርቦን ሞኖክሳይድን ግን አያስቀርም፣ ደግሞ ጭሱን ስለሚያቀዘቅዘው ጉሮሮ አይከረክርም እና ሰው በረጅሙ ይስበዋል። ሺሻ ላይ ከሰሉም ስላለ ይብሳል፣ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በአንድ ሰዓት ሺሻ የሚሳበው ጭስ ከአንድ ሲጋራ 100 እጥፍ እና ከዛም በላይ ሊሆን ይችላል።

«የሀበሻ ትምባሆ ኬሚካል የለውም» የሚሉም አሉ። ተክሉ እኮ መነሻው አሜሪካ ነው፣ ስሙም አብሮት ነው የመጣው። ቨርጂኒያ ውስጥ ጆን ሮልፍ የሚባል እንግሊዛዊ በ1612 አካባቢ መትከል ከጀመረ በኋላ ሰዉ ዕዳና ግብር በትምባሆ እስከመክፈል ደርሶ ነበር፣ እርሻው ሲሰፋ ደግሞ ከአፍሪካ በባርነት የተወሰዱ ሰዎች ጉልበት ነው የተሸከመው። እኛም ጋር ሸዋ ሮቢትና ብላቴ የተተከለው ያው ተክል ነው፣ ጓሮ ስለበቀለ ኒኮቲኑ አይቀንስም።

እርሻው ላይ ያለው ስህተት ብዙም አይወራለትም እኔን ግን በጣም ያሳስበኛል። ጠል ያለበትን ወይም ዝናብ የመታውን ቅጠል በባዶ እጅ የሚለቅም ሰው ኒኮቲኑ በቆዳው ይገባል፣ ያዞረዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ራሱን ያመዋል፣ እሱ ግን «ፀሐይ መቶኝ ነው» ብሎ ጥላ ስር አረፍ ይልና ያንኑ እርጥብ ልብስ እንደለበሰ ተመልሶ ይገባል! ጠሉ እስኪደርቅ መጠበቅ፣ ጓንትና ረጅም እጅጌ ማድረግ፣ ከረጠቡ ልብስ ቀይሮ በሳሙና መታጠብ፣ ይሄን ለሰራተኛው ከመጀመሪያው ቀን መንገር ያስፈልጋል። ልጆችን ደግሞ ጭራሽ አለማስገባት፣ ሰውነታቸው ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይጎዳሉ።

የመጨረሻው «ጫት ላይ ብቻ ነው የማጨሰው» ነው። ኒኮቲን ሳንባ በገባ በሰከንዶች ውስጥ አንጎል ይደርሳል፣ ከደም የሚወርደውም ቶሎ ነው፣ ስለዚህ ምርቃና ላይ ያለ ሰው አንዱን ሳያጠፋ ሌላውን ይለኩስና ከሰዓቱን ሙሉ ፓኮ ሲጨርስ ራሱ አይቆጥረውም። አንድ ጓደኛዬ ሶስት ጊዜ አቁሞ ሶስቱንም ጊዜ የተመለሰው በርጫ ላይ ነው፣ በሌላ ቀን ሲጋራ ትዝም አይለውም ነበር። አራተኛው ጊዜ ላይ በርጫውንም አብሮ ተወው፣ የመጀመሪያዎቹ ሶስት ቀናት እንቅልፍ የለ፣ ንዴት ብቻ፣ ሚስቱ ልጆቹን ይዛ እናቷ ጋር ሄዳ ነበር። ከአራት ሳምንት በኋላ ግን ቀለለው። እና የምታቆሙ ከሆነ ጫቱን ይዛችሁ ሲጋራውን ብቻ ለመተው አትሞክሩ፣ ቢያንስ እነዛን አራት ሳምንታት ቅዳሜ ከሰዓትን ሌላ ቦታ አሳልፉት።