የማደሪያ መኪና ሁለተኛ ባትሪ አልሞላ ሲል

ሚኒባስ ወይም ፒክአፕ ወደ ማደሪያነት ሲቀየር አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ አንድ ተጨማሪ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ይገባለታል፤ መብራቱ፣ ፍሪጁና የውኃ ፓምፑ የሚሠሩት በእርሱ ነው። ይህ ባትሪ ጠዋት ባዶ ሆኖ ሲገኝ ብዙ ሰው አዲስ ለመግዛት ይጣደፋል። እኔም ሱሉልታ ላይ በአንድ የታኅሣሥ ሌሊት ፍሪጁ ከጠፋብኝ በኋላ ያደረግኩት ይህንኑ ነበር፤ አዲሱም ባትሪ በሳምንቱ እንደ አሮጌው ሆነ። ስለዚህ ከኪስ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ከሳጥን ቴስተር ይውጣ።

በመጀመሪያ ባትሪው ሳይሞላም ሳይሠራም ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ ይለኩት። የአሲድ ባትሪ 12.6 ወይም 12.7 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.2 አካባቢ ከሆነ ግማሽ ያህሉ ቀርቶታል፤ ከ12 በታች ወርዶ ለሳምንታት ከተተወ ግን ሰሌዳዎቹ ላይ ሰልፌት ስለሚጋገር ቻርጅ መቀበሉን እየተወ ይሄዳል። ሊቲየም ባትሪ በዚህ ቁጥር አይዳኝም፤ ግማሹ ካለቀ በኋላም ከ13 ቮልት በላይ ሊያሳይ ይችላል።

ቀጥሎ ሞተሩን አስነሥተው የፊተኛውን፣ ማለትም የመኪናውን የራሱን ባትሪ ይለኩ። ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ካገኙ ዲናሞው ሥራውን እየሠራ ነው። ቁጥሩ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ከነበረው ካልጨመረ ቺንጋው ላልቶ እንደሆነ፣ የዲናሞው ሶኬት ወጥቶ ወይም ዋናው ፊውዝ ተቃጥሎ እንደሆነ ይመልከቱ፤ ከዚያ በላይ ያለው የኤሌክትሪሺያን ሥራ ነው። በአንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ግን ኮምፒውተሩ ነዳጅ ለመቆጠብ ሲል የዲናሞውን ቮልቴጅ ራሱ ስለሚያወርደው፣ ለኋላው ባትሪ ቮልቴጁን ከፍ የሚያደርግ ዲሲ ለዲሲ ቻርጀር ካልተገጠመ በቀር ብልሽት ሳይኖር ባትሪው ሳይሞላ ይቀራል።

የፊተኛው ባትሪ ደህና ሆኖ የኋላው ካልሞላ ችግሩ ያለው ሁለቱን በሚያገናኘው የገመድ መስመር ላይ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። በእኔ መኪና የፊተኛው ባትሪ 14.2፣ የኋላው 12.9 ቮልት ያሳይ ነበር። ሞተሩ እየሠራ፣ ፍሪጁም በርቶ ሳለ፣ የቴስተሩን አንድ ጫፍ በፊተኛው ባትሪ ፖዘቲቭ፣ ሌላውን በኋለኛው ፖዘቲቭ ላይ ባደርግ 0.3 ቮልት አገኘሁ፤ በነጌቲቮቹ መካከል ስለካ ግን 1 ቮልት ሙሉ ጎድሎ ተገኘ። ጥሩ መስመር በየበኩሉ ከ0.2 ቮልት በላይ ሊያጎድል አይገባም። የነጌቲቩ ገመድ ከሻንሲው ጋር የታሰረበትን ብሎን ስፈታ ባለሙያው ቀለሙን ሳይፍቅ በላዩ ላይ አጥብቆት ኖሯል፤ በሥሩም የክረምቱ ጭቃ ገብቶ ቡናማ ዝገት ሠርቷል። ብረቱ እስኪያበራ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ፣ መልሼ አጥብቄ፣ ግሪስ ብቀባው የኋላው ባትሪ 13.9 ደረሰ።

ፖዘቲቩ በኩል ከጎደለ ደግሞ ተጠርጣሪዎቹ የገመዱ ቅጥነት፣ የፊውዙ መያዣና ሁለቱን ባትሪዎች የሚያገናኘው ሪሌ ናቸው። 5 ሜትር ርዝመት ያለው ባለ 2.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር የመዳብ ገመድ 20 አምፒር ሲያልፍበት 0.7 ቮልት ገደማ ያባክናል፤ በባለ 16 ቢተካ ብክነቱ ወደ 0.1 ይወርዳል። ለቤት መብራት የሚሸጠውን ቀጭን ሽቦ ለዚህ ሥራ የሚዘረጉ ሰዎች ስላሉ ገመዱን በዓይንዎ ሳያዩ አይመኑ። ሪሌውን ለመፈተን በመግቢያውና በመውጫው ላይ ይለኩ፤ መግቢያው 14፣ መውጫው ከ13 በታች ከሆነ ሪሌው ሁለቱን ባትሪዎች አላገናኘም ማለት ነው።

ሶላር ያላቸው ሰዎች ፓኔሉ ላይ የሚያርፈውን የባሕር ዛፍ ጥላ አይናቁ፤ ትንሽ ጥላ እንኳ ከፓኔሉ ኃይል ብዙውን ሊቀንስ ይችላል። ከፓኔሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን ቻርጅ የሚቆጣጠረውን ኮንትሮለር ሲገጥሙ ባትሪውን አስቀድመው፣ ፓኔሉን በኋላ ያገናኙ፤ ሲፈቱ በተቃራኒው ያድርጉ።

ባትሪ ሲፈቱ ነጌቲቩን ያስቀድሙ፤ ሲመልሱ ያስከትሉት። እየተሞላ ያለ የአሲድ ባትሪ ሃይድሮጅን ስለሚያወጣ መኝታው ሥር ከተቀመጠ ወደ ውጭ የሚያስተነፍስ ቱቦ ያስፈልገዋል፤ በአጠገቡም ክብሪት አይጫርም። ውኃው ከጎደለ የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውኃ እንጂ አሲድ ወይም የቧንቧ ውኃ አይደለም።

ሁሉም ተስተካክሎ ባትሪው አሁንም ጠዋት ከወረደ፣ ሁሉንም ነገር አጥፍተው ቴስተሩን በአምፒር ቦታ ላይ አድርገው ከነጌቲቩ ጋር በተከታታይ፣ ማለትም የነጌቲቩን ገመድ ፈትተው በባትሪውና በገመዱ መካከል ያገናኙት። 50 ሚሊ አምፒር በቀን 1.2 አምፒር ሰዓት ብቻ ስለሚወስድ ብዙም አያሳስብም፤ ግማሽ አምፒር ካሳየ ግን ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ የቱ ሲነቀል ቁጥሩ እንደሚወድቅ ይመልከቱ። በእኔ መኪና ጥፋተኛው ማታ ማታ ሳላጠፋው የማድረው ኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት ዓይነት የሚቀይረው ዕቃ) ነበር።