ልጃችሁን ለቴሌቪዥን ስታዘጋጁ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

የእህቴ ልጅ 9 ዓመቱ ነው። ኳስ ሲያንቀረቅብ አዳማ ሰፈራችን ውስጥ መንገደኛ ቆሞ ያየዋል። ዘንድሮ አዲስ አበባ ወስደነው ለቴሌቪዥን ተቀረጸ። ቤት ከ200 በላይ የሚቆጥረው ልጅ እዚያ 11 ላይ ኳሷ አመለጠችው። ጥፋቱ የእኛ የትልልቆቹ ነበር።

የመጀመሪያው ስህተት አዲስ ጫማ ነው። አባቱ እንዲያምርበት ብሎ በዋዜማው ገዛለት። ልጁ የለመደው ግን አሮጌ ሸራ ጫማውን ነው። አውራ ጣቱ ጋ ተቀዶ እናቱ በጥቁር ክር ሰፍታዋለች። ኳሷን የሚመታው በዚያች ስፌት ነው። አዲሱ ጫማ ደረቅ ስለሆነ ኳሷ እየፈናጠረች ሄደችበት። በለመደው ልብስና ዕቃ ይቅረብ።

ስለ ስቱዲዮው አለመጠየቅም ጎዳን። እሱ የሚለማመደው አመሻሽ ላይ፣ አቧራ ሜዳ ላይ ነው። እዚያ ወለሉ ያንሸራትታል። መብራቱ ደግሞ ከላይ ነው፤ ኳሷን ቀና ብሎ ሲያይ ዓይኑን ወጋው። አስቀድማችሁ ደውሉ። ወለሉ ምን ዓይነት ነው? ከቀረጻው በፊት መሞከሪያ ጊዜ አለ? ቢሳሳት ይደግማል? የምትፈርሙትን ወረቀትም አንብቡ።

በዕለቱ መጓዝ ሌላው ነው። 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በፈጣኑ መንገድ ቅርብ መሰለን። ሌሊት 10 ሰዓት ቀሰቀስነው። ተራው የደረሰው ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ከአዳማ ሙቀት የወጣ ልጅ ያለ ጃኬት ሲንቀጠቀጥ ዋለ። ዘመድ ቤት ማሳደር ነበረብን።

ከካሜራ ጀርባ ሆናችሁ አትጩኹ። አንድ ሰው ይግባ፣ እሱም ዝም ይበል። የልጁን ትምህርት ቤትና ሰፈርም በአየር ላይ አትናገሩ፤ ስሙ ይበቃል።

ከሁሉም የሚቆጨኝ ልጁን አለመጠየቃችን ነው። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 12 ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ሐሳቡን የመግለጽ መብት አለው ይላል። እኛ ቀኑን ቆርጠን ነው የነገርነው።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ስለ ጫማው፣ ስለ መብራቱ፣ ስለ 11ዷ እየተቀባበልን አወራን። እሱ መስኮቱን ተደግፎ ዝም አለ። ያኔ "እራት ምን ትበላለህ?" ብለነው ዝም ማለት ነበረብን። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ ኳስ አልነካም።