ከትልቅ ቀዶ ጥገና በፊት የታማሚን አቅም በ6 ደቂቃ እርምጃ እንዴት እንደምትለኩ

እማዬ ለአንጀት ቀዶ ጥገና ስትቀጠር ሐኪሙ «ሁለት ፎቅ ደረጃ ሳያርፉ ይወጣሉ?» ብሎ ጠየቃት። እሷ ሳትመልስ እኔ «አዎ፣ ደህና ናት» አልኩ። ልዋሽ ብዬ አልነበረም። ግን ቤታችን ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው፤ ደረጃ የለውም። ገበያም የምትሄደው በባጃጅ ነው። ደረጃ ስትወጣ ካየኋት ዓመታት አልፈዋል። ከኦፕሬሽኑ በኋላ የሳንባ ምች ያዛት። በሳምንት እንወጣለን ያልነው ሆስፒታል ወር ከረምን። በእኔ መልስ ብቻ የመጣ ነው አልልም። ግን አቅሟ ቀድሞ ቢታወቅ የምንዘጋጅበት ጊዜ ነበረን። አባዬ በተራው ሲቀጠር በግምት ማውራት ትቼ ለካሁ።

ከትልቅ ኦፕሬሽን በኋላ ሰውነት ከወትሮው የበለጠ ኦክስጅን ይፈልጋል። ልብና ሳንባ ያንን ማድረስ ካቃታቸው ጣጣው ይመጣል። ዋናው ምርመራ ታማሚው ጭምብል አድርጎ ብስክሌት እየነዳ የሚጠቀመው ኦክስጅን የሚለካበት ነው። በ1993 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ውስጥ በ187 አረጋውያን ላይ የተሠራ ጥናት ወጣ። ለጡንቻ ኦክስጅን ማጠር የሚጀምርበት የኦክስጅን አጠቃቀም ልክ በኪሎ በደቂቃ ከ11 ሚሊ ሊትር በታች የሆነባቸው ሰዎች ከኦፕሬሽን በኋላ በልብ ችግር የመሞት ዕድላቸው በጣም ከፍ ያለ ነበር። መሣሪያው በየቦታው አይገኝም። የ6 ደቂቃ እርምጃ ማለት ታማሚው አጭር መንገድ ላይ እየተመላለሰ በ6 ደቂቃ የሚሄደውን ርቀት በሜትር መለካት ነው። ያንን ምርመራ አይተካም፣ ግን ለሐኪሙ ከ«ደህና ነው» የተሻለ ነገር ይነግረዋል።

መጀመሪያ ሐኪሙን አስፈቅዱ። ባለፈው አንድ ወር ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) የደረሰበት፣ ቁጭ ብሎ ደረቱን የሚያመው፣ ሳይንቀሳቀስ የልብ ምቱ ከ120 በላይ ወይም ግፊቱ ከ180/100 በላይ የሆነ ሰው ቤት ውስጥ አይለካም።

ቦታው ቀጥ ያለና ደልዳላ ሆኖ 30 ሜትር ይሁን። እኛ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ሥር ያለ መንገድ መረጥን፤ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል፣ ባጃጁም ሙቀቱም ሳይበረታ። ሐረር ከሆናችሁ የጁገል ውስጥ መንገዶች አይሆኑም፣ ዳገትና ድንጋይ ናቸው። ከግንቡ ውጭ ሜዳ ፈልጉ። ሐረር ከድሬ በጣም ከፍ ያለ ስለሆነ አንዱ ከተማ ላይ የለካችሁትን ከሌላው ጋር አታወዳድሩ። ሰዓቱም አይቀያየር። ጫት የሚቅም ሰው ከሆነ ሳይቅም ይምጣ፤ ጫት የልብ ምትን ያፈጥናል።

የግንበኛ ሜትር፣ ጠመኔ፣ የስልክ ሰዓት፣ ወንበርና ጥቂት ጠጠር ይበቃል። እርምጃ የሚቆጥረውን የስልክ አፕ ተዉት። እኔ የምፈልገው ሜትር ነው፣ እሱ የሚሰጠኝ ግምት ነው። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ካለ ጥሩ ነው፣ ግን ሂና ወይም የጥፍር ቀለም ቁጥሩን ሊያሳስት ይችላል።

አሁን ከባዱ መጣ። አብራችሁ አትሂዱ። እኔ የመጀመሪያውን ቀን ያበላሸሁት እዚህ ላይ ነው። አባት ብቻውን ሲመላለስ ዳር ቆሞ ማየት ለእኛ ነውር ይመስላል፤ ክንዱን ይዤ ከጎኑ ሄድኩ። ሳላውቀው እኔ ፈጠን ስል እሱም ፈጠነ። ስለ ቤት ጉዳይ አወራሁት፣ ትንፋሹን ለወሬ ጨረሰው። ጎረቤት አግኝቶን ደግሞ ሰላምታው ረዘመ። የወጣው ቁጥር የአባዬ አልነበረም፣ የእኔ ነበር።

በማግስቱ ዳር ቆምኩ። «አባዬ፣ ሳትሮጥ የቻልከውን ያህል ብዙ ርቀት ሂድ። ከደከመህ ቆመህ እረፍ፣ ግን ሰዓቱ አይቆምም» አልኩት። በየደቂቃው የተናገርኩት «ጎበዝ፣ 4 ደቂቃ ቀረህ» ዓይነት ብቻ ነው። ጩኸትና «ቶሎ ቶሎ» አያስፈልግም። ጫፍ በደረሰ ቁጥር አንድ ጠጠር ከግራ ኪሴ ወደ ቀኝ አዛወርኩ። እህቴ መንገደኛውን በሩቁ ሰላም እያለች አሳለፈች። ደረቱን ካመመው፣ ከተንገዳገደ፣ ፊቱ ከገረጣ ወይም ትንፋሹ አልመለስ ካለ ወዲያው አስቀምጡትና እርዳታ ጥሩ።

ሲያልቅ ጠጠሩን በ30 አባዙ፣ ትርፉን በሜትር ጨምሩ። አባዬ 11 ጠጠርና 8 ሜትር ሄደ፣ 338 ሜትር ማለት ነው። ስንቴ እንደቆመና ለምን እንደቆመም ጻፉ። ይሄ ከሜትሩ እኩል ይጠቅማል።

ወረቀቱን የማደንዘዣ ባለሙያው ደጋግሞ አየው። አባዬ ሁለት ጊዜ የቆመው ለምን እንደሆነ ጠየቀን፣ ደሙን አስመረመረውና ደም ማነስ ተገኘበት። ኦፕሬሽኑ 5 ሳምንት ይቀረው ነበር። ያንን ጊዜ መድኃኒቱን እየወሰደ፣ ሲጋራውን ትቶ፣ በየጠዋቱ ከዚራ ላይ ሲራመድ አሳለፈው። መጨረሻ ላይ ስለካው 391 ሜትር ሆነ፣ አንድም ጊዜ አልቆመም።

ቁጥሩ ቢያንስባችሁ ቀጠሮውን በራሳችሁ አታራዝሙ፣ በተለይ ካንሰር ከሆነ። ያንን ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩ።