ሁለት ጉባኤዎች አንድ ቤተ ክርስቲያን ሲሆኑ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአንድ ሰፈር ያሉ ሁለት ጉባኤዎች አንድ ለመሆን ሲነሡ ብዙ ሰው ደስ ይለዋል። ደስታው እውነተኛ ነው። ሥራው በግዴለሽነት ከተያዘ ግን አንድ ይሆናሉ የተባሉት ሁለቱ ሦስት ሆነው ያርፋሉ፦ የተዋሐዱት፣ ተገንጥለው የወጡት፣ እና ዝም ብለው ቤታቸው የቀሩት።

"ምንም አይቀየርም" ብሎ ቃል መግባት

ለእኔ ከሁሉም የሚከፋው ይህ ነው። መሪዎች ሰውን ለማረጋጋት ብለው ይናገሩታል። ግን ይቀየራል። የአምልኮ ሰዓቱ ይቀየራል። መዝሙሩ ይቀየራል። ለሃያ ዓመት አንድ ቦታ ላይ የተቀመጡ እናት አንድ እሑድ ሲመጡ ቦታቸው ተይዞ ያገኙታል። አንዱ ሕንፃ ይሸጣል ወይም ይከራያል፤ እዚያ ውስጥ የተጠመቀ፣ የተጋባ፣ የእናቱን አስከሬን የሸኘ ሰው አለ።

ስለዚህ ምን እንደሚቀር ቀድማችሁ በግልጽ ንገሩ። በሚዘጋው አዳራሽ የመጨረሻ የምስጋና አምልኮ አድርጉ፤ ሰው ያልቅስ። የሚያለቅሰውን "እምነት የጎደለው" ወይም "አንድነት የማይወድ" አትበሉት። ሐዘኑን ያልተወጣ ሰው ከዓመት በኋላ በወንበር አደራደር ይጣላል፤ ጠቡ ግን የወንበር አይደለም።

መጠቅለልን "ውህደት" ብሎ መጥራት

አንዱ ጉባኤ ሁለት መቶ፣ ሌላው አርባ አባላት አሉት እንበል። ትንሹ ወደ ትልቁ ቢገባ ነውር የለውም። ሁለቱም ፈርሰው በአዲስ ስምና በአዲስ ደንብ ቢጀምሩም ያው ነው። ነውሩ አንዱን እያደረጉ ሌላውን ማውራት ነው። ስሙ የትልቁ፣ ደንቡ የትልቁ፣ ሽማግሌዎቹም የትልቁ ከሆኑ አርባዎቹ እንግዶች ናቸው።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 የግሪክኛ ተናጋሪዎቹ መበለቶች በዕለት ዕርዳታ ተዘንግተው ቅሬታ ተነሣ። ጉባኤው ሰባት ሰዎች መረጠ። ስማቸውን አንብቡት፤ እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ኒቆላዎስ፣ ሁሉም የግሪክ ስም ነው። ሥራው የተሰጠው ቅሬታው ለሚገባቸው ሰዎች ይመስላል። ትንሹ ጉባኤም በሽማግሌዎች መካከል ቦታ ይኑረው፤ ገንዘብ ያዡም ከዚያ ወገን ቢሆን አይከፋም።

የእምነት ልዩነትን "በኋላ እናየዋለን" ማለት

ሕፃናት ይጠመቃሉ? የጌታ እራት በየስንት ጊዜው ነው፣ ማንስ ይቀርባል? ሴቶች ይሰብካሉ? እነዚህ ጥያቄዎች ከፊርማው በፊት ካልተመለሱ በመጀመሪያው ሕፃን ወይም በመጀመሪያው ስብከት ይፈነዳሉ። የደቡብ ሕንድ ቤተ ክርስቲያን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1947 ሲመሠረት አንግሊካን፣ ሜቶዲስት፣ ፕሬስቢቴሪያንና ኮንግሪጌሽናል የተባሉ የፕሮቴስታንት ወገኖችን ያገናኘ ነበር። ንግግሩ የተጀመረው በ1919 ነው። ከከበዱት ጥያቄዎች አንዱ የጳጳስና የክህነት ጉዳይ ነበር፤ አልዘለሉትም፣ ቁጭ ብለው ተነጋገሩበት። የሰፈር ጉባኤ ያን ያህል ዓመት አይፈጅበትም። ጥቂት ወራት ግን ይገባዋል።

መጋቢዎቹን ለመጨረሻ ማቆየት

"ሁለቱም አብረው ያገለግላሉ" ማለት ቀላል ነው። እሑድ የሚሰብከው ማን ነው? ሽማግሌዎችን የሚሰበስበውስ? ይህ ካልተጻፈ ምእመኑ ሳይታወቀው ወደ "የእኛ መጋቢ" እና ወደ "የእነሱ መጋቢ" ይሰለፋል። አንዱ የሚለቅ ከሆነም ቀድሞ ይወቀው፤ በቂ ጊዜና ደመወዝ ይሰጠው፤ ቤተሰቡም ይታሰብ።

በጠባብ ድምፅ መቸኮል

ከመቶ ሃምሳ አንዱ "ይሁን" ስላሉ ብቻ አትሂዱ፤ ደንባችሁ ቢፈቅድም እንኳ። በካናዳ በ1925 ሜቶዲስቶች፣ ኮንግሪጌሽናሎችና ፕሬስቢቴሪያኖች ሲዋሐዱ ከፕሬስቢቴሪያኖቹ ሲሶ ያህሉ አልገቡም። የራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን ይዘው ቀጠሉ፤ እስከ ዛሬም አሉ። ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት የሚቃወሙትን ቤታቸው ሄዳችሁ ስሟቸው። አንዳንዴ ሌላው ያላየውን ያዩት እነሱ ናቸው።

ወረቀቱን ችላ ማለት

አሰልቺ ነው፣ ግን አይዘለልም። ሕንፃው በማን ስም ነው፣ በጉባኤው ወይስ በቤተ እምነቱ? የማን ዕዳ አለ? ለአንድ ዓላማ ተብሎ የተሰጠ ገንዘብ ለሌላ ማዋል ይቻላል? የሠራተኞች ውል፣ የባንክ ሂሳብ ፈራሚዎች፣ የጥምቀትና የጋብቻ መዝገቦች፣ ሁሉንም አንድ በአንድ እዩ። የሁለቱም ሂሳብ በገለልተኛ ሰው ይመርመር፤ ሕግ አዋቂም አማክሩ።

ከመጀመሪያው የጋራ አምልኮ በኋላ ሥራው አለቀ ማለት

የዚያን ቀን አዳራሹ ይሞላል። በሦስተኛው ወር ግን ግቢው ውስጥ ቆም ብላችሁ እዩ፤ ሰው በየድሮ ወገኑ ተሰብስቦ ያወራል። የቤት ለቤት ኅብረቶችን እንደ አዲስ ደልድሉ። ሁለቱን የመዘምራን ቡድኖች አቀላቅሉ፤ ጥቂት ልምምድ ቢበላሽም ግድ የለም። የታመመ ሰው ሲጠየቅ ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ሰው አብረው ይሂዱ። አብሮ መንገድ የሄደ ሰው ሲመለስ ስለ ሌላ ነገር እያወራ ነው፤ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ሥራው፣ ስለ ታማሚዋ።