ጣሊያን ለምትማሩ የጎጃም ልጆች፦ ሶጆርኖ እንዴት ይወጣል?

ቪዛ ወጣላችሁ? እንኳን ደስ አላችሁ። ግን ቪዛው በር ያስገባችኋል እንጂ ዓመቱን ሙሉ አያኖራችሁም። የሚያኖረው እዚያ ያሉ አበሾች ባጭሩ ሶጆርኖ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ ነው፤ ጣሊያን ከገባችሁ በ8 የሥራ ቀናት ውስጥ ማመልከት አለባችሁ። ሁሉም የሚጨነቀው ስለ ጣሊያኑ ቢሮ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ዋናው ሥራ የሚያልቀው እዚሁ፣ ከባሕር ዳር ወይም ከደብረ ማርቆስ ሳትነሱ ነው።

መጀመሪያ ስም። ከወሳኝ ኩነት ያወጣችሁት የልደት ሰርተፍኬት ላይ ጌትነት የሚለው ስም በእንግሊዝኛ ሲጻፍ መሃሉ ላይ አንዲት "አይ" ትገባለች፣ ትራንስክሪፕቱ ላይ ደግሞ የለችም። እኛ ጋ ማንም ልብ አይለውም። እዚያ ግን ሁለት ሰው ሆናችሁ ቁጭ ትላላችሁ። ሁሉም ወረቀት ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል ይመሳሰል። ሬጅስትራር ሄዶ ማስተካከል አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን ከሮም ሆኖ በስልክ ከማስተካከል በስንት ጣዕሙ!

ልደትም እንደዚሁ። ብዙ ሰው ዓመቱ ላይ 8 ደምሮ ወሩን በግምት ይሞላል። ጥቅምት 5 ቀን 1995 የተወለደ ልጅ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 15 ቀን 2002 ነው እንጂ 2003 አይደለም። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ 7 ነው፣ ከዚያ በኋላ 8 ይሆናል።

ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጥ ያለበትን ወረቀት አንድ ላይ ሰብስባችሁ ያዙ፣ ለእያንዳንዱ መመላለስ ኪስ ያራቁታል። ኦሪጅናሉን በእጅ ሻንጣ። ሽሮና በርበሬው ከታች ይጫን፣ ቢጠፋም እናት ትልካለች።

አሁን ጣሊያን ገባችሁ። ፖስታ ቤት ሂዱና "ስፖርቴሎ አሚኮ" የሚለው መስኮት ጋ ቢጫ መስመር ያለበትን የማመልከቻ ፖስታ ጠይቁ፣ በነፃ ነው። ፎርሙን በጥቁር እስክሪብቶ፣ በትልልቁ ፊደል ሙሉ። ፓስፖርቱ ላይ የቤተሰብ ስም ተብሎ የተጻፈው "ኮኞሜ" የሚለው ቦታ ይገባል፣ የቀረው "ኖሜ" ላይ። የፓስፖርትና የቪዛ ኮፒ፣ ከዩኒቨርሲቲው የተሰጣችሁን የምዝገባ ወረቀት እና የጤና ኢንሹራንስ ጨምሩበት። ፖስታውን ግን እንዳታሽጉት! ሠራተኛው ውስጡን አይቶ ነው የሚቀበለው።

ገንዘቡ፦ ከታባኪ፣ ማለትም ከሲጋራ ሱቅ፣ የሚገዛ የ16 ዩሮ ቴምብር፣ ለፖስታ ቤቱ 30 ዩሮ፣ እስከ አንድ ዓመት ለሚሆን ካርድ ደግሞ 70 ዩሮ ከ46 ሳንቲም።

ከዚያ ደረሰኝና የአሻራ ቀጠሮ ይሰጧችኋል። ቀጠሮው ኩዌስቱራ፣ ማለትም ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ነው፤ አራት ጉርድ ፎቶ ይዛችሁ ሂዱ። ቀኑ ወራት ሊርቅ ይችላል፣ አትደንግጡ። ካርዱ እስኪመጣ መታወቂያችሁ ያ ደረሰኝ ነው። በስልክ ፎቶ አንሱት፣ ኮፒ አድርጉት፣ ኦሪጅናሉን ለማንም እንዳትሰጡ አደራ።

ካርዱ ሲመጣ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት፣ በዓመት እስከ 1040 ሰዓት መሥራት ይፈቀዳል። ግን ሥራው ትምህርቱን እንዳይበላው፦ ለመጀመሪያው እድሳት ቢያንስ አንድ ፈተና፣ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ሁለት ማለፋችሁን ማሳየት አለባችሁ። እድሳቱን ካርዱ ሊያበቃ 60 ቀን ሲቀረው ጀምሩት።

ካርዱ እየታደሰ ሳለ ለፋሲካ አገር ቤት መምጣት ካማራችሁ፣ ደረሰኙንና አሮጌውን ካርድ ይዛችሁ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሮም ወይም ከሚላን ቀጥታ በረሩ፣ ስትመለሱም እንደዚያው። ፍራንክፈርት የሚያርፍ ርካሽ ትኬት ብታገኙም እለፉት፣ ደረሰኙ በሌላ የሼንገን፣ ማለትም በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች፣ አገር በኩል አያሳልፍም።