ከባሕር ማዶ የመጣው የፋዝ ፔዳል ቦርድ ድምፁ ለምን ደከመ፣ እንዴትስ ተስተካከለ

ለጊታር ፋዝ ፔዳል (የጊታርን ድምፅ ሻካራና ወፍራም ለሚያደርግ በእግር የሚረገጥ መሣሪያ) ከባሕር ማዶ ያስመጣሁት ሰርኪዩት ቦርድ፣ ክፍሎቹ ሁሉ ተበይደውበት 9 ቮልት ሲሰጠው ድምፅ ያወጣ ነበር፤ ነገር ግን ድምፁ እጅግ የደከመና የፋዝ ጠባይ የሌለው ነበር። ጨርሶ ዝም ቢል ኖሮ የተቋረጠ መስመር ወይም ያልያዘ ብየዳ መፈለግ ይበቃ ነበር።

ምክንያቱ የትራንዚስተሩ (ድምፁን የሚያጎላው ባለ ሦስት እግር ክፍል) እግሮች ቅደም ተከተል ሆኖ ተገኘ። ጠፍጣፋው ፊት ወደ እኛ ዞሮ እግሮቹ ወደ ታች ሲሆኑ፣ የ2ኤን3904 ዓይነት ትራንዚስተር እግሮች ከግራ ወደ ቀኝ ኤሚተር፣ ቤዝ፣ ኮሌክተር ናቸው፤ የቢሲ547 ግን ኮሌክተር፣ ቤዝ፣ ኤሚተር ናቸው። ቦርዱ የተነደፈው ለቢሲ547 ሲሆን፣ አብሮት የመጣው ዝርዝር በሁለቱም መጠቀም እንደሚቻል ብቻ ይገልጻል። እኔም 2ኤን3904ን በቦርዱ ላይ በተሳለው ቅርጽ መሠረት ስለበየድኩ ተገልብጦ ገባ። ተገልብጦ የገባ ትራንዚስተር ሥራውን ፈጽሞ አያቆምም፤ የማጉላት አቅሙ ግን በጣም ይወርዳል፤ አሳሳቹም ይህ ነው።

አሮጌዎቹን ነቅዬ አዳዲስ 2ኤን3904 ትራንዚስተሮችን በቦርዱ ላይ ከተሳለው ቅርጽ 180 ዲግሪ አዙሬ በየድኩ፤ ፋዙም ሙሉ ሆነ። የነቀልኳቸውን መልሼ አልተጠቀምኩባቸውም፤ ምክንያቱም በቤዝና በኤሚተር መካከል ከ6 ቮልት በላይ በተቃራኒ አቅጣጫ ከተጫነ ትራንዚስተሩ ሊጎዳና የጀርባ ጫጫታው ሊጨምር ይችላል። ከእንግዲህ የማዝዘው የእግሮቹ ስም በየቀዳዳው አጠገብ የታተመበትን ቦርድ ብቻ ነው።